ልጅን ቤት ማስተማር፦ መጽሐፉም ጤናውም

የዛሬው ርዕሳችን በአሜሪካ ልጅን ቤት ስለማስተማር ነው። እኔም ሜሪላንድ ውስጥ ልጆቼን ቤት የማስተምር እናት ነኝ።

ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ደንቡ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብሎ ለአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ማሳወቅ ግድ ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ መሰጠት አለባቸው። ጤናም ትምህርት መሆኑን ልብ በሉ።

መጽሐፍ ስትመርጡ የዓመቱን በአንዴ አትግዙ። ከቤተ መጻሕፍት ተውሳችሁ ጥቂት ሳምንት ሞክሩት። በንባብ የገፋ ልጅ በሒሳብ ወደኋላ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትምህርት እንደ ደረጃው ምረጡለት። አማርኛውንም አትርሱ፤ ፊደል ቤት ካልተቆጠረ የት ይቆጠራል?

ወደ ጤናው ስንመጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ቤት የሚማር ልጅ የእረፍት ደወል የለውምና ሰዓቱን ራሳችሁ መድቡለት። ትምህርት ቤት የሚደረገው የዓይንና የጆሮ ምርመራም ሊያመልጠው ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቁ።

በመጨረሻም፣ አስተማሪው ወላጅ ሲዝል ትምህርቱም ይዝላል። እናትና አባት ተራ ግቡ፣ በቂ እንቅልፍ ተኙ፣ ከጎረቤትና ከዘመድ እገዛ ጠይቁ። ከመጽሐፉ በፊት የቤተሰቡን ጤና አስቀድሙ።