በተወለወለ እንጨት ላይ ቀለም ሲፈስ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከንብረት ክፍል የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት የንብረት ክፍላችን በየዓመቱ በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሞ የድንኳኑን፣ የአግዳሚውን፣ የድስቱንና የብርጭቆውን ቁጥር ያሰማል። ዘንድሮ ቁጥሩን ለጸሐፊያችን ትተን ስለ አንድ ጠረጴዛ እንናገራለን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኛን ግን አሳፍሮናል።

ከጎረቤቶቻችን በአንዱ ቤት ለቅሶ በተቀመጥን ጊዜ የእድሩ ጠረጴዛ እግሩ ተሰብሮ ስለ ነበር፣ መዝገብ የምናኖርበት ከአንዲት እናታችን ተዋስን። ጠረጴዛው የዋንዛ ነው፤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያሠሩት ነው። እትዬ «ውሰዱ» አሉን እንጂ «ተጠንቀቁ» እንኳ አላሉንም። በማግሥቱ አንድ አባታችንን በጣት ለማስፈረም ስንል የማኅተም ቀለሙ ተደፋ። ደንግጠን በጨርቅ ብናሸው የመዳፍ ያህል የነበረው ቀለም የክንድ ያህል ሆነ። አንዱ «በረኪና ነው መድኃኒቱ» አለ፤ በረኪና ፈሰሰበት። ሌላው ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጣ። በመጨረሻ ቀለሙ ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም፤ ዙሪያው ግን ተልጦ ነጣ። ከሁሉ የከፋው፣ በላዩ የጠረጴዛ ልብስ አልብሰን መለስንላቸው።

እትዬ ምንም አላሉም። ነገር ግን በሚቀጥለው ለቅሶ ወንበር ልንዋስ ልጆች ብንልክ «እንግዳ አለብኝ» አሏቸው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። ወደ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሄደን ጥፋታችንን ነግረን ምክር ጠየቅን። የተማርነውም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ቀለም ሲፈስ አይታሽም። ጥጥ ወይም ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ከላይ ጫን አድርጎ ማስጠጣት፣ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው፤ ከዳር ወደ መካከል እንጂ ከመካከል ወደ ዳር አይሄዱም። የማኅተም ቀለም በሳጥኑ ውስጥ እንዳይደርቅ ሆኖ ስለሚሠራ በቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ጊዜ አለ፤ መደንገጥ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ መሄድ ነው። በብዕር የሚቀዳው የብልቃጥ ቀለም በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ገና ትኩስ ሳለ ሳሙና በነካው እርጥብ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ይነሣል፤ ወዲያው ማድረቅ ግን አይረሳ። የእስክሪብቶና የማኅተም ቀለም ለውኃ እምቢ ካለ አልኮል ይፈታዋል። ታዲያ እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። አሮጌ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚወለወለው በጎማላካ ነው። ጎማላካ ደግሞ ራሱ በአልኮል ተሟሙቶ የሚቀባ ነውና አልኮል ሲነካው ተመልሶ ይሟሟል፤ ቀለሙን አነሣለሁ ሲሉ ውልውሉን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ከጠረጴዛው ሥር፣ ሰው በማያየው ቦታ መሞከር ነው። ቢጣበቅ ወይም ቢደበዝዝ አልኮሉን መተው። ካልተለወጠ በትንሽ ጥጥ በቀለሙ ላይ ብቻ ነካ ነካ አድርጎ ቶሎ መጥረግ ነው።

ሦስተኛ፣ አልኮል የማይችለውን ዕቃ ነጭ የጥርስ ሳሙና ወይም በውኃ የተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ በለስላሳ ጨርቅ ይዞ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። ማንጸባረቁን ትንሽ ይቀንሰዋል፤ በኋላ ሰም ቢቀቡት ይመለሳል።

አራተኛ፣ ቀለሙ በስንጥቅ ገብቶ እንጨቱ ከጠጣው ግን የእኛ ሥራ አይደለም፤ የአናጢ ነው። በረኪና የእንጨቱን የራሱን መልክ ያነጣል። ከሆምጣጤ ጋር ቢቀላቀል ደግሞ መርዛም ጋዝ ያወጣል። አልኮልም እሳት ይስባል፤ ለቅሶ ቤት ከሰልና ሻማ አይጠፋምና ከዚያ መራቅ ነው።

ይህን ከተማርን በኋላ እትዬ ዘንድ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። አናጢው የቀረውን ውልውል ልጦ፣ ልጎና አስተካክሎ እንደገና ቀባው፤ ዋጋውን ከኪሳችን አዋጥተን ከፈልን። ከአንዱ ጥግ ግን ሐምራዊ ጥላ እስከ ዛሬ አለ። እትዬ እጃቸውን በላዩ አሳርፈው ያሉን ይህ ነው፦ «ልጆቼ፣ ቀለሙስ ይፈሳል። ያሳዘነኝ ጨርቅ አልብሳችሁ መመለሳችሁ ነው።»

እንግዲህ ጉባኤው እንዲያጸድቅልን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የማኅተም ቀለም በትሪ ላይ እንጂ በባዶ ጠረጴዛ ላይ አይከፈት፤ በመዝገቡ ሣጥን ውስጥ ጥጥና ንጹሕ ጨርቅ ሁልጊዜ ይኑር፤ የተዋስነው ዕቃ ቢጎዳ በዚያው ቀን ለባለቤቱ ይነገር። ድንኳን በገንዘብ ይገዛል፤ ጎረቤት «ውሰዱ» የሚለው ቃል ግን አይገዛም።