የካምፓላው የመንጋጋ ዕጢና የክሮሞሶም አተጣጠፍ



የዚህ ንግግር አርእስት በዓይን የማይታይ ነገር ቢሆንም፥ መነሻው ግን ማንም አይቶ የሚያዝንለት የአንድ ሕፃን ፊት ነው። በ1957 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፥ በሙላጎ ሆስፒታል፥ ሐኪሙ ሂዩ ትሮዌል የቀዶ ጥገናውን ሐኪም ዴኒስ በርኪትን አስጠርተው አንድ ሕመምተኛ ልጅ አሳዩዋቸው። የልጁ መንጋጋ ከላይም ከታችም፥ በግራም በቀኝም አብጦ ነበር። በርኪት እንዲህ ያለ ነገር አይተው ስለማያውቁ ግራ ተጋቡ። ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ጂንጃ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ሄደው ሳሉ በመስኮት ወደ ውጭ ቢመለከቱ፥ ፊቱ እንደዚያው ያበጠ ሌላ ልጅ አዩ። አንዱን ብቻ ያየ ሰው እንግዳ ነገር ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል፤ ሁለተኛውን ያየ ግን እንዴት ይለፈው? በርኪትም የሆስፒታሉን መዝገብ ይመረምሩ ጀመር፤ በ1958 ስለ በሽታው የመጀመሪያውን ጽሑፍ አሳተሙ። በ1961 ደግሞ ከሁለት ሐኪሞች ጋር በአሮጌ መኪና ወደ 10,000 ማይል ያህል ተጕዘው በሽታው የት የት እንደሚገኝ ጠየቁ። ዕጢው የሚበዛው ሙቀትና ዝናብ ባለበት፥ ወባም በሚጠናበት አገር ሆኖ ተገኘ፤ ከፍ ባለው ቀዝቃዛ አገር ግን እጅግ ጥቂት ነው። ደጋንና ቆላን ለይቶ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ አያስደንቀውም።

ከካምፓላ በአውሮፕላን ወደ ሎንዶን ከተላከው ዕጢ ውስጥ አንቶኒ ኤፕስታይንና ባልደረቦቻቸው በ1964 አዲስ ቫይረስ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ነገር ግን ወባውም ቫይረሱም ቢታወቁ አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። በ1972 በስዊድን አገር ይሠሩ የነበሩ ማኖሎቭና ማኖሎቫ የተባሉ ቡልጋራውያን ባልና ሚስት በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ ዐሥራ አራተኛው ክሮሞሶም ትርፍ ቍራጭ እንደ ተቀጠለበት አዩ። በ1976 እዚያው ስዊድን ሎሬ ዜክና ባልደረቦቿ ቍራጩ ከስምንተኛው ክሮሞሶም የመጣ መሆኑን አስረዱ። በ1982ም ቦታውን የለወጠው ማይክ የሚባለው ጂን መሆኑ ታወቀ። ይህ ጂን ሕዋስን እደግ፥ ተባዛ ብሎ የሚያዝ ነው። በዐሥራ አራተኛው ክሮሞሶም ላይ ደግሞ የበሽታ መከላከያ የሆነውን አንቲቦዲ የሚያሠራው ጂን አለ፤ እርሱም በቢ ሕዋስ ውስጥ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ማይክ በእርሱ አጠገብ ከተቀጠለ እርሱም ዕረፍት ያጣል።

በሰው ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች አሉ። ታዲያ ከሁሉ ይልቅ የስምንተኛውና የዐሥራ አራተኛው ስብራት የሚገናኘው ስለ ምንድር ነው?

መልሱን ለማግኘት የክሩን አተጣጠፍ ማየት ያስፈልጋል። የአንድ ሕዋስ ዲ ኤን ኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ይኖረዋል፤ የሚያድርበት የሕዋሱ አስኳል ግን ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ያህል ነው። ኩታ ታጥፎ በሣጥን ሲቀመጥ ከጥበቡ ወዲያና ወዲህ ያሉት ዳርቻዎች እንደሚነካኩ ሁሉ፥ በክሩ ላይ እጅግ የሚራራቁ ስፍራዎችም በአስኳሉ ውስጥ ጐረቤቶች ይሆናሉ።

ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት የሚሻ መምህር ረዥም ፈትል ወስዶ በየስንዝሩ ቍጥር የተጻፈበት ቍራጭ ወረቀት ይሰርበት። ከዚያም ጠቅልሎ በክብሪት ቀፎ ይክተተውና የትኛው ቍጥር የትኛውን እንደ ነካ በሠንጠረዥ ይጻፍ። ፈትሉንም ዘርግቶ ከሠንጠረዡ ጋር ለሌላ ተማሪ ሰጥቶ፥ እንደ ቀድሞው አድርገህ እጠፈው ይበለው። ተማሪው ይቸገራል፤ ችግሩም የሊቃውንቱ ችግር ነው። ሠንጠረዡን በ2009 ኤሬዝ ሊበርማን ኤይደን፥ ጆብ ዴከርና ባልደረቦቻቸው ለመላው የሰው ክሮሞሶም ሠሩት። አሠራራቸውም እንዲህ ነው፤ በአስኳሉ ውስጥ የተጠጋጉትን ክሮች በፎርማሊን ዓይነት መድኃኒት አጣብቀው፥ ክሩን ቈራርጠው፥ የተጠጋጉትን ጫፎች እርስ በርሳቸው ቀጥለው፥ የትኛው ከየትኛው እንደ ተቀጠለ ቈጠሩ።

ማጠፉ ለኮምፒዩተር ተሰጠ። ኮምፒዩተሩ ክሮሞሶሙን እንደ መቍጠሪያ፥ በክር የተሰካ የዶቃ ሰንሰለት አድርጎ ይይዘዋል። ሕጉ ጥቂት ነው፤ ሁለት ዶቃ በአንድ ስፍራ አይቀመጥም፥ ጐረቤት ዶቃዎችም አይለያዩም። ሰንሰለቱንም በጥቂት በጥቂቱ እጅግ ብዙ ጊዜ እያንቀሳቀሰ፥ የደረሰበትን አተጣጠፍ ከሠንጠረዡ ጋር ያመሳክራል። በዚህ ስሌት ክሩ ሳይቋጠርና ሳይተበተብ ጥቅጥቅ ብሎ ሊታጠፍ እንደሚችል ታየ፤ ከተፈለገም ከመካከሉ ተስቦ ይፈታል። ከ2015 ወዲህ የታተሙ ስሌቶች ደግሞ ኮሄሲን የሚባል እንደ ቀለበት ያለ ፕሮቲን ክሩን እየሳበ እንደ ማሰሮ ጆሮ አጥፎ ያወጣዋል ብለው፥ ከሠንጠረዡ ጋር በሚገባ የሚስማማ ሥዕል ሰጡ።

የካምፓላው ዕጢ ጥያቄ ግን ከሠንጠረዡ በፊት በ2003 በአሜሪካ ተነክቶ ነበር። ቶም ሚስቴሊና ባልደረቦቹ በጤናማ ቢ ሕዋሳት ውስጥ ርቀቱን በአጕሊ መነጽር ለክተው፥ ማይክና የአንቲቦዲው ጂን በአጋጣሚ ከሚጠበቀው ይልቅ ተቀራርበው እንደሚኖሩ አገኙ። ቅርበቱም የጂኖቹ የየግል ጠባይ ሳይሆን ከጠቅላላው አተጣጠፍ የሚመጣ ነው። በዚህ ላይ ቢ ሕዋስ አንቲቦዲውን ለማሻሻል ሲል የገዛ ጂኑን እየቈረጠ ይቀጥላል። ማይክም በተመሳሳይ ጊዜ ቢሰበር፥ የሚቀጥለው የጥገና ሥራ ከሩቅ ይልቅ አጠገቡ ያለውን ጫፍ ይይዛል።

ቅርበት ብቻውን በሽታ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል፤ ሁለቱ ጂኖች በጤናማ ሰውም ውስጥ ጐረቤቶች ናቸውና። ስብራቱ፥ ወባው፥ ቫይረሱም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ደግሞም የ2009ኙ ሠንጠረዥ ከብዙ ሚሊዮን ሕዋሳት የተሰበሰበ አማካይ ነው፤ በአማካዩ መሠረት የታጠፈው ሰንሰለት በአንድ ሕዋስ ውስጥ ካለው ጋር እንዲመሳሰል ግድ አይደለም።

በሙላጎ ኮረብታ ላይ በ1967 ይህን ዕጢ ለማከም የተቋቋመው ማዕከል ዛሬ የዩጋንዳ የካንሰር ኢንስቲትዩት ነው። ሐኪሙ ከዕጢው ቈርጦ በአጕሊ መነጽር ያየዋል፤ በርኪት በዘመናቸው የሞከሩት ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው መድኃኒትም ዛሬ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይሰጣል። በጊዜ የደረሰና ሕክምናውን የፈጸመ ልጅ ሊድን ይችላል፤ ዕጢው በመንጋጋ ላይ በቀን በቀን እየገፋ የሚያድግ ስለ ሆነ ግን የጥቂት ሳምንታት መዘግየት ብዙ ያጐድላል።