የሰማይ ጉግስ
(በክረምት ዕረፍት አርጆ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ተዋጊ አይሮፕላኖች የልምምድ ፍልሚያና ስለ አብራሪው ችሎታ ነው። ነገሩን ያነሣነው ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። ከመካከላችን አንዱ፣ እዚሁ አርጆ የተወለደ፣ የአየር ኃይል ዕጩ መኮንን ለመሆን ማመልከቻ ሊያስገባ አስቦ ለአባቱ ቢያማክራቸው፣ «አሁን አይሮፕላኑ ራሱ ያያል፤ ራሱ ይተኩሳል ይባላል። ታዲያ አንተ እዚያ ውስጥ ተቀምጠህ ምን ልትሠራ ነው?» አሉት። ልጁ መልስ አጣ። ጥያቄውን ወደ መኝታ ቤታችን ይዞት መጣና ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር አደርን። ግማሾቻችን «ድሉ የማሽኑ ነው፤ የተሻለውን የገዛ ያሸንፋል» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «የሰውየው ነው» አልን። የሚያስቀው ነገር፣ ሁለቱም ወገን ማስረጃ ብሎ የሚያቀርበው በስልክ ያየውን የልምምድ ፍልሚያ መሆኑ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ይህ ልምምድ ምን እንደ ሆነ መመርመር አለብን።

የአገራችን ሰው ነገሩን ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ጉግስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ወገን ፈረሰኞች ይሰለፋሉ፤ አንዱ ይሸሻል፤ ሌላው ዘንጉን ይዞ ያባርራል፤ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። ጥቂት ቆይቶ ሸሺው ፈረሱን አዙሮ አባራሪ ይሆናል። ዘንግ ጦር አይደለም፤ ነገር ግን ጦር የሚወረውር ክንድና በጋላቢ ፈረስ ላይ ዞሮ የሚያይ ዓይን የሚሠለጥነው በዘንግ ነበር። ፈረሱ ፈጣን ሲሆን መልካም ነው። ሆኖም ፈጣኑ ፈረስ ያለ ጊዜው ሲዞር ጀርባውን ለዘንግ እንደሚሰጥ ሽማግሎቻችን ያውቃሉ።

በሰማይም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከፍታ ያለው አብራሪ ጎተራው የሞላ ገበሬን ይመስላል፤ ሲያስፈልገው ወደ ታች እየወረደ ከፍታውን በፍጥነት ይመነዝረዋል። በኃይል በታጠፈ ቁጥር ግን ፍጥነቱ ይባክናል። ጎተራው ባዶ የሆነበት ማምለጥም ማጥቃትም አይችልም። ደግሞም እጥፋቱ ሰባት ጊዜ የመሬትን ስበት ሲያህል፣ ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ከአራት ኩንታል በላይ ይከብዳል። ደሙ ከራሱ ወደ እግሩ ይሸሻል፤ ዓይኑ ይጨልማል። በዚህ ሁኔታ አንገቱን አዙሮ ከኋላው ያለውን ጠላት መፈለግ፣ የነዳጁን መጠን ማየትና በሬዲዮ መነጋገር አለበት። ይህ በመጽሐፍ የሚገኝ ትምህርት አይደለም።

ልምምዱ ሕግ አለው። ማንም ከተወሰነ ከፍታ በታች አይወርድም፤ መሬቱ እዚያ ላይ ነው ተብሎ ይቈጠራል። አይሮፕላኖቹ ከተወሰነ ርቀት በላይ አይቀራረቡም። ጥይት የለም፤ የሚተኰሰው በካሜራና በመቅረጫ መሣሪያ ነው። ከበረራው በኋላ ደግሞ ተፋላሚዎቹ በአንድ ክፍል ተቀምጠው እያንዳንዷን እጥፋት ይመረምራሉ። የበታች መኮንን የበላዩን «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» የሚለው በዚህ ክፍል ነው። ከበረራው ይልቅ ይህ ምርመራ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል ቢባል ብዙዎቻችን እንገረማለን። እኛ ፈተና ተመልሶልን ቀይ ምልክቱን ሳናይ የምናጣጥፍ ተማሪዎች ብንገረም አያስደንቅም።

ሕጉን ሳያውቁ ውጤቱን ብቻ ማውራት ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2004 በሕንድ አገር ጓልዮር በተባለ ሥፍራ የአሜሪካ ኤፍ-15 አይሮፕላኖች ከሕንዶቹ ጋር ተለማምደው ሕንዶቹ አብዛኛውን ግጥሚያ አሸነፉ ሲባል ዓለም ተደነቀ። ነገር ግን በግጥሚያው ስምምነት አሜሪካኖቹ ሩቅ የሚወነጨፈውን ዘመናዊ ሚሳይላቸውን እንደ ሌለ ቈጥረው ነበር የተፋለሙት፤ ብዙ ጊዜም በቍጥር ይበለጡ ነበር። ይህ የሕንዶቹን ችሎታ አይቀንስም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው የሕንዶቹ አብራሪዎች ከጠበቁት በላይ ሆነው እንዳገኟቸው ተናግረዋል። «ይህ አይሮፕላን ያንን ይበልጣል» ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በእግር ኳስ እንደምናደርገው ለአይሮፕላን ማጨብጨባችንን ብንተው ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ምስክር ያገኘነው ከቬትናም ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1968 ድረስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪዎች አንድ አይሮፕላን ሲያጡ የሚጥሉት ከሁለት እስከ ሦስት ያህል ነበር። ለዚያ ሁሉ ወጪ ይህ ውጤት አሳፈራቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 በሚራማር ልዩ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ሚግን የሚመስሉ ትንንሽ አይሮፕላኖችን እንደ ጠላት እያሰለፉ ምርጥ አብራሪዎቻቸውን በልምምድ ፍልሚያ አሠለጠኑ። በ1972 ፍልሚያው እንደገና ሲጠና ባሕር ኃይሉ በአንድ አሥራ ሁለት ያህል መጣል ቻለ። የአሜሪካ አየር ኃይል ግን በዚያው ጊዜ ለራሱ ፋንተም መድፍ ጨመረለት እንጂ ሥልጠናውን እንደዚያ አልለወጠም፤ ውጤቱም ከሁለት ለአንድ ብዙም አልራቀም። አንዱ ሰውየውን ለወጠ፤ ሌላው ማሽኑን። በመኝታ ቤታችን ክርክር የማሽኑ ወገን ዝም ያለው እዚህ ላይ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከቬትናም በኋላ አሜሪካኖች ለልምምድ «ጠላት ሚግ-21 ይሁንልን» ብለው የመረጡት አይሮፕላን ኤፍ-5ኢ ነበር፤ ትንሽነቱና አበራረሩ ስለሚመስለው ነው። እንግዲህ እነሱ በኔቫዳ ሰማይ ለልምምድ የሚያዩትን ግጥሚያ የኛ ሰዎች በኦጋዴን ሰማይ በደም አዩት። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) የሶማሊያ ጦር ሲወርረን፣ ከቢሾፍቱ የሠለጠኑት አብራሪዎቻችን ጥቂት ኤፍ-5ኢዎችን ይዘው ከሚግ-21 ጋር ተጋጠሙ። በወረቀት ሲታይ ሚጉ ይበልጣል፤ ከድምፅ ሁለት እጥፍ ይበራል፤ የኛው አንድ ተኩል እጥፍ ግድም ነው። ነገር ግን ሚጉ በኃይል ሲታጠፍ ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፉ ፍጥነቱን ይበላበታል፤ አብራሪውም ወደ ኋላ ደኅና አድርጎ አያይም። የኛዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። ብዙዎቹ አሜሪካ ተምረው የመጡ፣ እርስ በርሳቸው ሲፋለሙ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ለገሠ ተፈራንና ባጫ ሁንዴን የመሳሰሉ አብራሪዎች ሚጎችን ጣሉ፤ በጥቂት ሳምንታትም ሰማዩ የኛ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ችሎታ ብቻውን አልሠራም። ካራማራ ተራራ ላይ የነበረው ራዳር ጠላት ከየት እንደሚመጣ ይነግራቸው ነበር፤ መሬት ላይ እየቀባቡ አይሮፕላኑን የሚያስነሡት ቴክኒሻኖችም ነበሩ። ለገሠ ተፈራም በዚያው ጦርነት አይሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከና እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ አሥራ አንድ ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆየ። ስለ ድሉ የሚያወራ ሰው ይህን አሥራ አንድ ዓመት ሊዘልለው አይገባም።

አንድ ነገር በመንገድ ላይ እናንሣ። ወለጋም ለአይሮፕላን ነገር ባዕድ አይደለችም። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ሦስት የኢጣልያ አይሮፕላኖች ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ቢያርፉ፣ የጥቁር አንበሳ ጦር በሌሊት ደርሶ አቃጠላቸው። ከሞቱት መካከል ጄኔራል ማሊዮኮና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቪየና ድረስ በርሮ ስሙ የተጠራው አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩ። የዚያን ሌሊት የሎካቴሊ የበረራ ችሎታ ምን ጠቀመው? ችሎታ ቦታና ጊዜ ይፈልጋል ማለታችን ነው።

የአባትየው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም፤ እሳቸው የጠየቁት ስለ ነገ ነውና። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በአሜሪካ አንድ የኮምፒዩተር አብራሪ ልምድ ያለውን የኤፍ-16 አብራሪ በምስለ በረራ አምስት ለዜሮ አሸነፈው። በ2023 ደግሞ ኮምፒዩተር የሚያበረው እውነተኛ አይሮፕላን በካሊፎርኒያ ሰማይ ከኤፍ-16 ጋር ተለማመደ፤ ለጥንቃቄ ውስጡ የተቀመጡት አብራሪዎች መሪውን መንካት አላስፈለጋቸውም። ይህን ስንሰማ የሰውየው ወገን በተራው ዝም አለ። ይሁን እንጂ የ2020ው ኮምፒዩተር የጠላቱ ሥፍራ ሳያይ ሳይፈልግ ተነግሮት ነበር። በብዛት ያሸነፈውም ፊት ለፊት እየገሠገሠ በመተኰስ ሲሆን፣ ሰዎች ይህን በልምምድ የተከለከሉት እንዳይጋጩ ነው። ኮምፒዩተሩ ሞትን አይፈራም፤ ልምምዱም ፍርሃት ለሌለው ተፋላሚ የተሠራ አልነበረም።

ስለዚህ ለጓደኛችን አባት የላክንላቸው መልስ እንዲህ የሚል ነው። ልጅዎ ከማሽኑ ጋር በጕልበትና በፍጥነት የሚወዳደር ከሆነ ይሸነፋል። ሚራማር ላይ የተለወጠው ግን የእጅ ፍጥነት ብቻ አልነበረም፤ ስሕተትን በጓደኛ ፊት አምኖ በማግሥቱ እንደገና መብረር ነበር። ያንን የሚሠራ ሰው አይሮፕላኑ ውስጥም ቢቀመጥ፣ መሬት ላይ ሆኖ ማሽኑን ቢያሠለጥንም ሥራ አያጣም። መተኰስ ወይም አለመተኰስ የሚለውን ፍርድ ደግሞ ለብረት እንስጠው ወይ የሚለው ጥያቄ ለእኛም ለእሳቸውም ገና ክፍት ነው።

አባትየው ደብዳቤውን አስነብበው ሰሙ። «ጉግስ ላይ የወደቀውን ሰው ፈረሱ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ይህኛው ፈረስ ግን አይጠብቅም» አሉና ፈቃዳቸውን ሳይሰጡም ሳይከለክሉም ወደ ቡናቸው ሄዱ። ማመልከቻው ተሞልቶ ያለ ፊርማ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጧል። መምህራኖቻችንም ጓደኞቻችንም ሐሳብ ካላችሁ ለመስማት ዝግጁ ነን፤ ልጁም እነሆ ከኋላ ተቀምጧል።