ፈቃዱ ለድርጅቱ፣ ጥበቃው ለማን?

(በቡራዩ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ወደ ብድር ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናንሳ። ሰሞኑን ቁጠባቸው የተቋረጠ እህቶቻችንን ቀርበን ስንጠይቅ፣ ከአንድ በላይ ቤት ያገኘነው መልስ አንድ ነው፤ ገንዘቡ በልጅ እጅ፣ በእናት ስልክ፣ ለኳስ ውርርድ ሄዷል።

ድሮ ውርርድ ቤት በር ነበረው፤ ልጅ ሲገባ ጎረቤት ያየዋል። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ውርርድ ቤቶች ታሸጉ። ውርርዱ ግን አልቆመም፤ በስልክ እቤታችን ገባ።

ደንብ የለም አንልም። ፈቃድ ሰጪው ብሔራዊ ሎተሪ ነው፤ መመሪያውም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዳይወራረድ ይከለክላል። በር ላይ ቢሆን መታወቂያ ይጠየቃል። ስልክ ግን የሚያውቀው የተመዘገበበትን ስምና የሚስጥር ቁጥሩን ነው። ቴሌብሩ በእናት ስም ከሆነ የ17 ዓመቱ ልጅ የ45 ዓመት ሴት ሆኖ ይጫወታል።

«ፈቃድ ያለው ነው እኮ» ይሉናል ልጆቻችን። ፈቃድ ድርጅቱ እንዲሠራ ነው እንጂ ተጫዋቹ እንዳይከስር አይደለም። በእቁባችን እናስላው። 20 ሰው 500 ብር ቢጥል ባለዕጣዋ 10,000 ብር ትወስዳለች፤ ሳንቲም አይጎድልም። በውርርድ አንዱ «ከሁለት ጎል በላይ ይገባል»፣ ሌላው «አይገባም» ብለው መቶ መቶ ብር ያስይዙ እንበል። ለሁለቱም የተሰጠው 1.80 ከሆነ አሸናፊው 180 ብር ይወስዳል። ማንም ያሸንፍ ማን፣ 20 ብሩ የአወራራጁ ነው። ደጋግሞ የሚጫወት ደጋግሞ ይከፍላል።

ስለዚህ ከሚመለከታቸው አካላት የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ገንዘብ ከመቆረጡ በፊት የተጫዋቹ ማንነት ይጣራ፤ በስማችን ያለውን ስልክ ከውርርድ ማስዘጋት እንቻል፤ አቤቱታ የሚቀበለን ቦታ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይነገረን።

እኛም ድርሻችንን እንወጣ። ዛሬ ማታ የሚስጥር ቁጥራችንን እንቀይር፤ ልጅ የሚገምተው የልደት ዓመት አይሁን። ቁጠባዋ የተነካባት እህት ከስብሰባ አትቅር፤ ለኮሚቴው በጊዜ ከነገረችን የመክፈያ ጊዜዋን መክረን እናራዝማለን። ልጁንም ከቤት አናባርረው፤ አስቀምጠን ሒሳቡን እናሳየው። ገመና የሸፈንን መስሎን ዕዳ አናሳድግ።