ዓሣ ውስጥ ያለው ትል ከየት መጣ?



የጉራጌ ተራሮቻችን ውኃ በመቂ ወንዝ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ከዚያ ሐይቅ የወጣ ቆሮሶ ሆዱን ስትከፍቱት፣ ልቡ አጠገብ የተጠቀለለ ትል ታዩ ይሆናል። እኔ አንዴ «በስብሷል» ብዬ ጣልኩት፤ ለካ ዓሣው ትኩስ ኖሯል! ትሉ የገባበት በሕይወት ሳለ ነው።

ኮንትራሲኩም ይባላል። ድብልብል ነው፤ ጫፍና ጫፉ ሾጣጣ፣ አፉ ዘንድ መብሻ ጥርስ ያለው። ዓሣው ውስጥ ግን ገና እጭ ነው፤ እንቁላል አይጥልም። ለአካለ መጠን የሚደርሰው እንደ ፔሊካን ባለ ዓሣ በሊታ ወፍ ሆድ ነው። እንቁላሉ ከወፉ ኩስ ጋር ውኃ ውስጥ ይወድቃል፤ የተፈለፈለውን እጭ ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ይውጡታል፤ እነሱን ዓሣ፣ ዓሣውን ደግሞ ወፍ።

ታዲያ እኛስ? በደንብ ከበሰለ ትሉ ይሞታል። እንደ ክትፎ ለብ ለብ ማድረግ ግን አይበቃም። ሐይቁ ዳር ዓሣ የምታርዱም ሆድ ዕቃውን ቅበሩት፤ ወፉ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።