የእሑድ ማታው መንገደኛ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በቀየት የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር እንደምናገር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እሱን ዓመቱን ሙሉ ስለማሰለቻችሁ ዛሬ ልተዋችሁ። ስለ አንድ የገጠር ልጅ ላውራችሁ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1950 በምዕራብ ሸዋ፣ ወሎንኮሚ በምትባል መንደር ተወለዱ። ያደጉት ወለሉ አፈር፣ ክዳኑ ሣር በሆነ ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ነው። እናታቸው ልጄ መማር አለበት ብለው በጎረቤት ከተማ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ልጁ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል፤ ሳምንቱን ተምሮ ዓርብ ያንኑ 20 ኪሎ ሜትር ይመለሳል።

ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ኮሌጅ ሳለሁ ነው። ሌላው ተማሪ ሲገረም እኔ አልገረመኝም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቀየት የሚወጣውን መንገድ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ልጆቻችን በሶና ቆሏቸውን፣ የሳምንት እንጀራቸውን በከረጢት አዝለው ወደ ከተማ የሚሄዱት በዚያ መንገድ ነው። እኔም አዝያለሁ። ትከሻዬ ላይ ገመዱ የሠራው ምልክት እስካሁን አልጠፋም።

ገቢሳ የፈለጉት ምሕንድስና ነበር። በግብርና ብትሠራ የበለጠ ትጠቅማለህ ብለው ያሳመኗቸው እናታቸው ናቸው። የእኔ ነገር ተቃራኒው ነው። የአሥረኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ግብርና ኮሌጅ ስመደብ ደብዳቤውን ሦስት ቀን ደብቄው ዞርኩ። አባቴ ሲያዩት «ካልጠፋ ትምህርት እርሻ ልትማሪ? እርሻማ እዚሁ አለ!» አሉ። እውነታቸውን ነበር። እኛ ጋ ልጅ የሚማረው ከጭቃው ለመውጣት ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ስመለስም አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኩም።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ጅማ በነበረው የእርሻ ትምህርት ቤት በአዳሪነት ተማሩ፤ ከዚያ ዓለማያ ኮሌጅ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1973 በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቁ። በዚያው ዓመት መምህራቸው ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከመጡት የማሽላ ተመራማሪ ከዶክተር ጆን አክስቴል ጋር አስተዋወቋቸው። አብረው በአገራችን እየዞሩ የማሽላ ዘር ሰበሰቡ። እንግዳው የልጁን ትጋት አይተው ወደ ፐርዱ ወሰዷቸው፤ በ1978 ዶክትሬታቸውን አገኙ። ከዚያ ሱዳን ሄደው ድርቅ የሚቋቋም ድቃይ ማሽላ አወጡ። ይኸው ዝርያ በ1983 ለገበሬው ተለቀቀ።

ማሽላ የደጋ እህል አይደለም። ነገር ግን ቆላ ወርዶ ማሳ የተጋራ፣ ወይም እህል ሊሸምት የሄደ ሰው አቀንጭራን ያውቃታል። አበባዋ ሲያዩት ያምራል፤ ሥራዋ ግን ከመሬት በታች ነው። ከማሽላው ሥር ላይ ተለጥፋ ምግቡን ትመጠምጠዋለች። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ቢያርሙት ቢያርሙት የማያልቀው ለዚህ ነው። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ያተኮሩት አንድ ነገር ላይ ነው፦ የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። እንግዲያው ይህን ንጥረ ነገር እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ ቢገኝስ? አገኙት። በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። ወደ አገራችንም «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉት ዝርያዎች ደረሱ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ስለ እንዲህ ያለ ሰው ሲወራ «ከምንም ተነሥቶ፣ ራሱን በራሱ አሳድጎ» ይባላል። ይህ አባባል አይዋጥልኝም። ትምህርት ቤት ያስገቡት እናት ምንም ናቸው? አብልቶ ያሳደረው የጅማው ትምህርት ቤትስ? ከእንግዳው ጋር ያገናኙት መምህርስ? መንገዱን የተጓዙት ራሳቸው ናቸው፤ እውነት ነው። ማታ ሲደርሱ ግን የሚገቡበት ነበራቸው።

የእኛ ልጆች የሚያጡት ይህንኑ ነው። ባለፈው ዓመት ከቀየት ሄዳ ዘጠነኛ ክፍል የገባች አንዲት ልጅ በሚያዝያ ተመለሰች። ከክፍሏ ሦስተኛ ነበረች። ያነሳት የወር የቤት ኪራይ ነው። አሁን በግ ትጠብቃለች። አባቷ እዚህ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውን መውቀሴ አይደለም። በዚያ ዓመት ባቄላቸውን ውርጭ ጨርሶት ነበር፤ ጉዳቱን የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ሌላዋ እናት ደግሞ ሁለት ጠቦት ሸጠው የልጃቸውን ኪራይ ከፈሉ። ለዘንድሮ የሚሸጥ እንደሌላቸው ነግረውኛል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለኝ። ከዘንድሮው ትርፍ ላይ ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚመደበው ተቀንሶ፣ ዩኒየናችን በከተማ ሁለት ቤት ይከራይ፤ አንዱ ለሴቶች፣ አንዱ ለወንዶች። ስንቃቸውን ራሳቸው ያመጣሉ። የጎደላቸው ጣሪያና የሚቆለፍ በር ነው። «ትርፉ ለአባላት ይከፋፈል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ መብታችሁ ነው። ግን የድርሻችሁን ብር በአንድ ወገን፣ የአንድ ልጅ የዓመት ኪራይ በሌላ ወገን አስቀምጣችሁ አስሉት።

በመስከረም የሚሄዱትን ልጆች ስም መዝግቤ ይዤ መጥቻለሁ። ሃያ ሦስት ናቸው። በግ የምትጠብቀውም አለችበት። ዝርዝሩን ከምሳ በፊት ለቦርዱ ጸሐፊ እሰጣለሁ።