ሞተሩ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ዛሬ ስለ ሞተር እድሳት እናወራለን። አሮጌዋ ኮሮላዎ ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ዘይት እየበላች ነው። ታዲያ ሞተር እድሳት ይሻላል ወይስ ቅያሪ?

እስቲ የጭቃ ቤት ያስቡ። ጣሪያው ካፈሰሰ ቆርቆሮው ይቀየራል። ምሰሶውን ምስጥ ከበላው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሞተርም እንዲሁ። የፒስተኑ ፋሻ ብቻ ካለቀ እድሳት ያዋጣል። ብሎኩ ከተሰነጠቀ ግን ቅያሪው ይሻላል።

እንዴት ይታወቃል? መካኒኩ መጀመሪያ የሲሊንደሮቹን ግፊት (ኮምፕሬሽን) ይለካ። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ይድገመው። ግፊቱ ከፍ ካለ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የፋሻው ነው። ሳይለካ «ሞተሩ ይውረድ» የሚልዎትን እኔ አላምነውም።

መለዋወጫ ገበያ ሄደው ያገለገለ ሞተር ከገዙስ? ሲሠራ ሳይሰሙት አይክፈሉ። ደግሞም የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስላለ፣ ከቀየሩ ሳይውሉ ሳያድሩ ያስመዝግቡ።